ዋና የሚያውቅ ሰፈር

«ታድላችሁ አባባ!» አለችኝ ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ልጅ። ከደሴ በኮንትራት ሚኒባስ ተጭነው ለመዝናናት ከመጡት ወጣቶች አንዷ ናት። ጥቁር መነጽሯን አናቷ ላይ ሰክታ፣ ስልኳን ወደ ውኃው ዘርግታ በእኔ በረንዳ በኩል ስታልፍ ቆም አለችና፣ «ሐይቅ ዳር መኖር እኮ መታደል ነው፤ አየሩ ብቻውን መድኃኒት ነው» ብላ አየሩን በአፍንጫዋ ሳበችው። ስትስበው ፊቷ ትንሽ ጭምድድ ሲል አይቻለሁ፤ ግን ልትናገር ያሰበችውን ተናግራ ጨረሰች። የቆመችው ከአጠገባችን ካለው የእንግዶች ሎጅ ወጥ ቤት ከሚወርደው ቦይ አጠገብ ነው። ቦዩ ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የዓሣ ጭንቅላት፣ የልጅ ዳይፐርና ምንነቱን የማላውቀው አረንጓዴ አረፋ ተቃቅፈው ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። «እግርሽን ጠብቂ» አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? አመስግናኝ ቦዩን ዘለለችውና ፎቶዋን አነሳች። ፎቶው ላይ ውኃው፣ ተራራውና የእሷ ጥርስ ይታያሉ። ቦዩ አይታይም። ሽታማ ጭራሽ ፎቶ አይነሳም።

«ታድላችሁ» የሚለው ቃል ግን ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ እሾህ ተሰክቶ ቀረ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዓይኔ ስለደከመ አሁን ዚፕ ከመቀየርና ሱሪ ከማሳጠር በቀር ሌላ ሥራ አልቀበልም። የስፌት መኪናዬ በረንዳ ላይ ስለሆነች የሰፈሩን ሽታ ከማንም ቀድሜ የምቀበለው እኔ ነኝ። ጠዋት የፍሳሹ ሽታ ይመጣል። ፀሐይ ጠንከር ስትል ዓሣ አራጆቹ ዳር ላይ የጣሉት አንጀት ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞር ሲል ደግሞ ባጃጅ ሊያጥቡ ውኃ ውስጥ የሚነዱት ልጆች ዘይትና ቤንዚን ይሸተኛል። ማታ ማታ ሁሉም በአንድ ላይ ናቸው። ይህንን ሁሉ እየማግሁ፣ አንዷ መጥታ ታድላችሁ ስትለኝ፣ የእውነት ታድዬ የነበርኩበትን ዘመን ሳልወድ በግድ አሰብኩ። ማሰቡ ራሱ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ካሰብኩ በኋላ ዓይኔን ቀና ሳደርግ የማየው ይህንኑ ነው።

የውኃ ሰው ሆኜ አልተወለድኩም። የተወለድኩት አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ በላይ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች መንደር ነው። እዚያ ውኃ ማለት በእንስራ ተዝሎ የሚመጣ፣ እጅ ሲታጠቡበት እንኳ የሚቆጠብ ነገር ነው። ሐይቅ የወረድኩት ጢሜ ገና ሳያቀመቅም፣ አጎቴ ዘንድ ስፌት ልማር ብዬ ነበር። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ያን ሁሉ ውኃ አንድ ቦታ ተኝቶ ሳየው ይህን ሁሉ ማን አፈሰሰው ብዬ አጎቴን ጠየቅሁት። አጎቴ ሱቅ ብሎ የሚጠራው ነገር ደግሞ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር የቆመች የስፌት መኪናና አንድ የእንጨት ሳጥን ነበር። ከጎኑ አንድ ፀጉር አስተካካይ ቅርንጫፍ ላይ መስተዋቱን ሰቅሎ ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ሴቶች ጋቢና ነጠላ አጥበው ሣሩ ላይ ያሰጣሉ፤ ከሩቅ ሲታይ በረዶ የጣለ ይመስላል። ቤት የሚገባው ለመኝታና ለዝናብ ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ተማሪ የሚያጠናው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ነው። ሽማግሌ የሚያስታርቀው ሣር ላይ ነው። ጎረምሶቹ የተበጣጠሰ የዓሣ መረብ በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል ወጥረው መረብ ኳስ ይጫወታሉ። ቆረሶ የሚባለው ዓሣ በዘለላ ታስሮ በስሙኒ ይሸጣል፤ ገዢው እዚያው ጠብሶ፣ እዚያው በልቶ፣ አጥንቱን ለድመት ሰጥቶ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። ከወዲያ ማዶ የገዳሙ ደወል፣ ከወዲህ አዛን፣ በመካከሉ የአንድ መሰንቆ መቺ የአምባሰል ዜማ። ያ መሰንቆ መቺ ድምፁ ሻካራ ነበር፤ ነገር ግን ውኃው ላይ ሲሄድ ይለሰልሳል እንል ነበር። ውሸታችንን ይሁን እውነታችንን እንጃ።

ያን ዘመን ገነት ነበር የሚለኝን ሰው አልወደውም። ወባው እየለቀመ ይፈጀን ነበር። ትንኙ በዓይን፣ በጆሮ፣ በአፍ ይገባል። የሚለበሰውም እንዲህ የሚያኮራ አልነበረም፤ እኔ ራሴ በዓመት አንድ ቴትሮን ሱሪ ካገኘሁ እድለኛ ነኝ። ለዋና የሚሆን ልብስማ ማን ያውቃል? ከዱቄት ጆንያ ቁምጣ የምሰፋላቸው እኔ ነበርኩ። ጆንያው ላይ የታተመው የውጭ አገር ጽሑፍ አይለቅም፤ ስለዚህ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ማንም የማያነበው ፊደል መቀመጫው ላይ ለጥፎ ይዘል ነበር። በኋላ ቦላሌ መጣና እግራችን መጥረጊያ አከለ። ቦላሌ ለብሶ ውኃ ዳር መሄድ ግን መከራ ነው፤ ጫፉ ጭቃ ይልሳል። ስለዚህ ሁላችንም ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን እንደ ሽመላ እየተራመድን እንሽኮረመም ነበር።

ወባው ወባ ነው፤ ድህነቱም ድህነት ነው። ውኃው ግን ንጹሕ ነበር። ንጹሕ የሆነውም በራሱ ጊዜ ሳይሆን እመት ዘሃራ የሚባሉ ሴት ስለነበሩ ነው።

እመት ዘሃራ ረጅም፣ ጠይም፣ ሲናገሩ ከዳር እስከ ዳር የሚሰሙ ሴት ነበሩ። ባላቸው ታንኳ ቀዛፊ ነበር። ልጃቸው ሰይድ ገና ጡት ሳይጥል አንድ ቀን ማዕበል ታንኳዋን ገለበጣትና ሰውዬው ሰጠመ። ታንኳ ቀዛፊ ሆኖ ዋና አያውቅም ነበር። ይህንን ሰዎች ሲነግሩኝ አላመንኩም፤ በኋላ ግን ብዙዎቹ እንደዚያ እንደነበሩ ሰማሁ። እመት ዘሃራ ባል የሞተባት ሴት የምትቆይበትን ዒዳቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ ከአባታቸው የተማሩትን ዋና ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ማስተማር ጀመሩ። ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ውኃው ውስጥ እስከ ወገባቸው ይገባሉ፤ ገመድ ልጁ ወገብ ላይ ያስራሉ፤ ጫፉን ይይዙና «ሂድ!» ይላሉ። የሚያለቅሰውን አይሰሙም። ውኃ የጠጣውን ይስቡታል፤ ያስሉታል፤ መልሰው «ሂድ!» ይሉታል። ወንድ ሴት፣ ክርስቲያን እስላም አይሉም። በሰፈሩ ልጅ ወልዶ ለእመት ዘሃራ የማይሰጥ ወላጅ አልነበረም፤ ቢኖርም ራሳቸው መጥተው ይወስዱታል።

እኔን ያገኙኝ ሾላው ሥር ቁልፍ ስተክል ነው።

«ስምህ ማነው?»

«ይመር።»

«የት አገር ነህ?»

«አምባሰል ነኝ እመት።»

«ዋና ትችላለህ?»

«ኧረ የለም፤ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ውኃ የለም።»

«ገደል ግን አለ አይደል? ገደል አፋፍ ላይ ስትሄድ እግርህን ትጠብቃለህ አይደል? ይህም የእኛ ገደል ነው። ተነስ፣ መርፌህን ሰክተህ ና።»

አጎቴን ቀና ብዬ ባየው እየሳቀ ነው። ጎረምሳ ሆኜ ከሕፃናት ጋር ተሰልፌ በገመድ ታስሬ ገባሁ። የጠጣሁት ውኃ አሁን ድረስ ትዝ ይለኛል። ጣዕም አልነበረውም። ልብ በሉልኝ፤ የሐይቁን ውኃ ሆዴ እስኪነፋ ጠጥቼ ምንም አልሆንኩም።

አንድ ጊዜ አንድ ሥጋ ሻጭ የበሬ ፈርስና አንጀት በጋሪ አምጥቶ ዳር ላይ ገለበጠ። እመት ዘሃራ አዩ። ያን ሁሉ በእጃቸው እየሰበሰቡ በቅርጫት ሞሉት፤ ጭንቅላታቸው ላይ ተሸከሙት፤ ገበያውን መሃል ለመሃል አቋርጠው ሰውዬው ሱቅ ደረሱ። ሰው ተሰልፎ ሥጋ ያስቆርጣል። ቅርጫቱን የሥጋ መክተፊያው ላይ ዘረገፉለትና «የረሳኸውን አምጥቼልሃለሁ» አሉት። ፈሳሹ በግንባራቸው ይወርድ ነበር። ሰውዬው ያን ቀን ሳይሸጥ ዋለ። ከዚያ በኋላ እንኳን አንጀት፣ የሽንኩርት ቅርፊት ውኃው ውስጥ የሚጥል ሰው አላየሁም። ፍርሃት ነው ብትሉኝ አዎ ፍርሃት ነው። የሚያስፈራ ሰው ያጣ ሰፈር ምን እንደሚመስል ከበረንዳዬ ኑና እዩ።

የዋናው ነገር ምን እንደጠቀመ የገባኝ በአንድ የገበያ ቀን ነው። ከማዶ መንደሮች በርበሬ፣ ዶሮና እንቁላል ይዘው በታንኳ የሚመጡ ገበያተኞች ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ድንገት ነፋስ ተነሳና፣ ሰው የሞላባት አንዲት ታንኳ ዳር ልትደርስ ስትል ተገለበጠች። ጩኸት ሰማን። መቀሴን ወረወርኩ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጣለ። ደንበኛው ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ከአስተካካዩ ቀድሞ ውኃ ውስጥ ገባ። መረብ ኳስ ተጫዋቾቹ፣ አጣቢዎቹ፣ ድንጋይ ላይ የነበሩት ተማሪዎች፣ ሁሉም ገባ። «ማን ይግባ?» ያለ ሰው አልነበረም። እመት ዘሃራ እስከ አንገታቸው ገብተው ያመጣነውን እየተቀበሉ ወደ ዳር ያሳልፋሉ። ያ መዋኘት ያስተማሩት ልጃቸው ሰይድ፣ ያኔ አፍላ ጎረምሳ ነው፣ እየተመላለሰ ያወጣ ነበር። አንድም ሰው አልቀረም። አንዲት ሴትዮ አውራ ዶሮዋን በሁለት እጇ ወደ ላይ እንደያዘች ነው የወጣችው፤ እሱ ደርቆ እሷ ርሳ። እመት ዘሃራ ማዶኞቹ ለቅሷቸውን እስኪጨርሱ ጠብቀው፣ ሰበሰቧቸውና፣ «ልጆቻችሁን በሚመጣው ገበያ አምጡልኝ» አሉ። ማንም ሽልማት አልሰጠንም፤ ማንም ያንን አልጠበቀም። አስተካካዩ ደንበኛውን መልሶ አስቀመጠና የቀረውን ጢም ላጨለት።

እመት ዘሃራ በተኙበት ነው የሞቱት፤ አርጅተው፣ ዓይናቸው ጠፍቶ። ሰይድ ጎረቤቴ ነው፤ እሱም እንደ እኔ ሸብቷል፤ ዓሣ ማጥመድ ከተወ ቆይቷል። እሳቸው ካለፉ በኋላ ሰፈሩ በአንድ ቀን አልቆሸሸም። መጀመሪያ ፌስታል መጣ። ቀጥሎ የጫት ገረባ። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ከላይ ያሉት ቤቶች ሽንት ቤታቸውን ወደ ታች ለቀቁት፤ ታች ያለነው እኛ ነን። ሾላው ተቆረጠ። ለምን እንደተቆረጠ እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም። ከዚያ ሎጁ መጣ። ዳርቻውን በቆርቆሮ አጠረና ወደ ውኃው የምንወርድበት መንገድ ከውስጥ ቀረ። ልማት ነው ተባለ፤ ልጆቻችሁ ሥራ ያገኛሉ ተባለ። አገኙም። ከቆርቆሮው ጫፍና ከዓሣ አራጆቹ መካከል አንዲት ጠባብ መውረጃ ተርፋልን ነበር፤ እሷም ሰው የሚፀዳዳባት ሆነች። ዋና የሚማር ልጅ የለም። ማን ልጁን ያንን ውኃ ውስጥ ያስገባል? ሐይቅ ዳር ተወልዶ ሐይቅ ዳር አድጎ ውኃው ቁርጭምጭሚቱን ነክቶት የማያውቅ ትውልድ አፈራን።

ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ ነው የምነግራችሁ ነገር የሆነው። ከሰዓት በኋላ ሰይድ መጥቶ በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሎጁ ሙዚቃ ከወትሮው ብሶበት ስለነበር እየተጯጯህን ነው የምናወራው። በመካከል ሙዚቃውን ሰንጥቆ አንድ ጩኸት መጣ።

«ይህ የሳቅ አይደለም» አለ ሰይድ ቆሞ።

በዚያች ቆሻሻ መውረጃ ወረድን። ሎጁ ውኃው ላይ የሠራው ረጅም የእንጨት መሄጃ አለ፤ እንግዶች ፎቶ የሚነሱበት። ከእሱ ጫፍ አለፍ ብሎ አንዲት ልጅ ትንፈራገጣለች፤ ጭንቅላቷ ይወጣል፣ ይጠልቃል። የሎጁ አስተናጋጅ ናት፤ ሽርጧ ውኃው ላይ ተንሳፍፏል። መሄጃው ላይ ሰው ቆሟል፤ ብዙ ሰው፤ ጉልበታም ጎረምሶች። ግማሹ «ኧረ ሰው ጥሩ!» ይላል፤ ግማሹ ስልኩን ዘርግቶ ይቀርጻል። «ሰው ጥሩ» የሚሉት እነሱ ራሳቸው ምን እንደሆኑ አልገባኝም።

ሰይድ ሸሚዙን እንኳ አላወለቀም። እኔም ተከተልኩት። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሲያወራ ጀግንነት ጀግንነት ይሸታል፤ የሸተተኝ ግን ሌላ ነው። እስከ ጉልበቴ ድረስ የረገጥኩት ጭቃ አልነበረም። ፌስታል እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ወደ ውስጥ ስገፋ ፊቴ ላይ የዓሣ ክንፍና የቀዘቀዘ ዘይት ይለጠፋል። አንድ ጊዜ አፌ ውስጥ ገባ። ተፋሁት፤ አሁንም የተፋሁት አይመስለኝም። ክንዴ የድሮ ክንድ አይደለም፤ ሳምባዬም። ሰይድ ቀድሞ ደረሰና ከኋላ ብብቷን ያዛት፤ ልጅቷ ግን በድንጋጤ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና ሁለቱም ጠለቁ። በዚያች ቅጽበት ጓደኛዬን አጣሁት ብዬ ነበር። አጠገቤ አንድ ባዶ የፕላስቲክ ባልዲ ሲንሳፈፍ አየሁ። ብቅ ሲሉ አፉን ወደ ታች ደፍቼ ገፋሁላት፤ ያዘችው፤ ሰይድን ለቀቀችው። እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ሆነን እየገፋናት ወደ መሄጃው መሰላል መጣን። ከላይ ጥበቃው ጎንበስ አለና፣

«አባባ፣ በዚህ መውጣት ክልክል ነው፤ የእንግዳ ነው» አለን።

ሰይድ እያለከለከ ቀና ብሎ አየው። «እንግዲያው ልጅቷን ተቀበለንና እኛን መልሰህ አስጥመን» አለው።

ተቀበለን። ብርቱካን ትባላለች ልጅቷ። ከአምባሰል ነው የመጣችው፤ የእኔ መንደር ከነበረው ብዙም አይርቅም። ውኃውን አስተፋናት፤ ስታስል ስታለቅስ ቆየች፤ ተረፈች።

ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ አስካለ በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች። «እንዳትገባ! እዚያው ቁም አንተ ሰውዬ!» ብላ በጀሪካን ውኃ ደጅ ላይ አጠበችኝ። በሳሙና፣ ቀጥሎ በሎሚ፣ ቀጥሎ በአመድ። እየታጠብኩ ሳለሁ ስትቆጣኝ ቆይታ ድንገት ድምጿ ተሰበረና «ብትቀርብኝስ ኖሮ?» አለች። ለሳምንታት ቆዳዬ ሲያሳክከኝ ከረመ። ጤና ጣቢያ የመረመረኝ ልጅ «ሁለተኛ እዚያ ውኃ እንዳይገቡ» ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ቪዲዮው ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ከተማውን ዞሮ ነበር። አንድ ደንበኛዬ እየሳቀ አሳየኝ። በአምባሰል ቅኝት የተዘፈነ ዘፈን ደርበውበታል። ስንጠልቅ ዘፈኑ ከፍ ይላል። ስልኩን መለስኩለትና ሱሪውንም ሳላሳጥር መለስኩለት።

አደጋው በደረሰ በሳምንቱ ስለ ሐይቁ ዳር ደኅንነት የሰፈር ስብሰባ ተጠራ። የተጠራው ሎጁ አዳራሽ ውስጥ ነው። ለየሰዉ ለስላሳ ቀረበ። እኔንና ሰይድን ከፊት አስቀመጡንና የሎጁ ስም የተጠለፈበት ነጭ ፎጣ ሸለሙን፤ ተጨበጨበልን። ስፌቱን አየሁት፤ ጫፉ እንኳ በደንብ አልተቀመቀመም። የሎጁ ባለቤት ጨዋ አነጋገር ያለው፣ ኮት የለበሰ ሰው ነው። ተነስቶ ለሽማግሌዎች ያለውን አክብሮት ገለጠ፤ ቀጥሎም «ሠራተኛችን በራሷ የጥንቃቄ ጉድለት ወድቃ ለዚህ ሁሉ ጭንቀት ዳርጋናለች» አለ። ብርቱካን ከኋላ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ሽርጧን ለብሳ፤ አንገቷን ደፍታ። ሰብሳቢው ውሳኔውን አነበበ። አደጋ እንዳይደገም ቆርቆሮው እስከ ውኃው ውስጥ እንዲዘልቅ፣ ያች የቀረችው መውረጃም እንድትዘጋ። ማንም ሰው ወደ ሐይቁ እንዳይደርስ ነው መፍትሔው። ጭብጨባው ደመቀ። ሰይድ አላጨበጨበም።

ተነሳሁ። ልናገር ያሰብኩት ብዙ ነበር፤ ስለ ጥንቱ፣ ስለ እመት ዘሃራ። የዚያን ሁሉ ሰው ፊት ሳየው ተውኩትና ወደ ኋላ ዞርኩ።

«ብርቱካን፣ ልጄ፣ ያን ዕለት ጫፉ ላይ ምን ስትሠሪ ወደቅሽ?»

ልጅቷ ባለቤቱን አየች፤ መሬቱን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ባልዲ ስደፋ ነው አባባ።»

«የምን ባልዲ?»

«የወጥ ቤቱን። የዓሣ አንጀት፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ትራፊ። ከቦዩ የሚተርፈውን ጠዋትም ማታም እንደፋዋለን። ዳር ላይ ከተደፋ ለእንግዳ ይሸታል፤ ጫፍ ድረስ ሄደሽ ድፊው ብለውኝ ነው። እንጨቱ ዘይት ጠጥቶ ያዳልጣል፤ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።»

ባለቤቱ ፈገግ አለ። «ልጃችን ገና ከድንጋጤው አልወጣችም» አለ በለሆሳስ፣ በሚያዝን ሰው ድምፅ። ሰብሳቢው «ይህ ከአጀንዳው ውጭ ነው» አለና ወረቀቱን አጠፈ። ጎረቤቶቼን ዞሬ አየኋቸው። እነዚያ እመት ዘሃራ በገመድ አስረው ዋና ያስተማሯቸው ሰዎች፣ የእነሱም ልጆች፣ ዓይናቸውን የለስላሳ ጠርሙሳቸው ላይ ተክለዋል። ከአጠገቤ አንዷ እጄን ያዘችና «ጋሽ ይመር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ ይተውት፤ ልጄ እዚህ ነው የምትሠራው» አለችኝ። እሷን መስደብ አልቻልኩም። ያንገሸገሸኝም ይኸው ነው፤ የሚሰደብ ሰው እንኳ በወጉ አላገኘሁም።

ብርቱካን ሽርጧን ፈታች። አጣጥፋ የለስላሳው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና ወጣች። ፎጣዬን ወንበሩ ላይ ትቼ ተከተልኳት፤ ሰይድም ተከተለን። እስከ አስፋልቱ ሸኘናት። ዕቃዋ አንዲት ፌስታል ነው። የውጫሌ ሚኒባስ እስኪመጣ ስንጠብቅ፣ «ሐይቅ ዳር ሥራ አገኘሁ ስላት እናቴ እልል ብላ ነበር» አለችን። «አሁን ምን እላታለሁ?»

«በሕይወት መጣሁ በያት» አላት ሰይድ። «አብሽሪ። ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አይጠፋም።»

ሚኒባሱ መጣና ሄደች። እኛም ወደየቤታችን ገባን።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ከፍቼ የስፌት መኪናዬን ሽፋን ስገልጥ ቆርቆሮ የሚመቱ ሠራተኞች መውረጃዋ ላይ ደርሰዋል። ገና ባልተዘጋው ክፍተት ውኃው ይታያል። በእንጨቱ መሄጃ ላይ አንዲት ሌላ ልጅ፣ ሽርጡ የሰፋት፣ ሁለት ባልዲ ይዛ ወደ ጫፉ ትሄዳለች። በረንዳውን ወርጄ ሠራተኞቹን አልፌ ክፍተቱ ላይ ቆምኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራኋት።

«ልጄ! ዋና ትችያለሽ?»

ዞር ብላ አየችኝ። «አልችልም አባባ!»

«እንግዲያው ጫፉ ላይ አትቁሚ! ያዳልጣል!»

«እሺ አባባ! እግዜር ይስጥልኝ!» አለችኝ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለችና ደፋችው።